ገበሬና ዐዋጅ

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በታች ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን መቀመጫቸው ነበረች። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። በገበያ ቀን ዐዋጅ ነጋሪው ይናገራል፤ የሰማውም ወደ መንደሩ ሲመለስ ለጎረቤቱ ያወራል። ነገር ግን ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መልኩ ይለወጣል፤ በገበያ የተነገረው ከደጋው ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ዛሬ ዐዋጅ በወረቀት ታትሞ ይወጣል። ወረቀቱ ቃሉን አይለውጥም፤ ሆኖም ማንበብ ለማይችል ሰው ዲዳ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። መሬት መሸጥና መለወጥ ቀረ፤ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። ይህ ልክ ለጉና ደገኛ እምብዛም አያሳስበውም፤ በዚያ አገር ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላምና።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። በደብተሩ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው አለበት፤ የመሬቱም ስፋትና አዋሳኙ ተጽፎበታል።

በፋርጣ ባሏ የሞተባት ሴት አለች እንበል። በሬ የላትም፤ በአገሩም ልማድ ሴት ዕርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቷን ለባሏ ዘመድ የእኩል ትሰጣለች። ውላቸው በቃል ብቻ ነው። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ሰውየው፥ «እታለም፥ ይህን መሬት ያለማሁት እኔ ነኝ። መሬት ለአራሹ ሲባል አልሰማሽምን?» ይላታል። እርስዋም ሰምታለችና ትደነግጣለች፤ እውነት ለእርሱ የሚፈርድለት ይመስላታል።

«መሬት ለአራሹ» በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች በአዲስ አበባ አደባባይ ያሰሙት ጩኸት ነው። ጩኸት ሌላ፥ ሕግ ሌላ ነው። ዛሬ ያለው የክልሉ ሕግ ባለይዞታ መሬቱን እንዲያከራይ ይፈቅድለታል፤ ስላከራየም ይዞታውን አያጣም። ረጅም ዘመን የሚቆይ ውል ግን በጽሕፈት ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። የሴትዮዋ ልጅ ፊደል የቆጠረ ነውና ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ ያነብላታል። «እማዬ፥ ስምሽ ከአባቴ ስም ጋራ ተጽፏል፤ መሬቱም በምሥራቅ ከወንዙ ይዋሰናል» ይላታል። እርስዋም ደብተሩን ይዛ በሽማግሌዎች ፊት ትቆማለች።

ሕግን ማወቅ ብቻውን ግን እህል አያበቅልም። በደጋው ዝናሙ ብርቱ ነው። ጎርፉ አፈሩን ወደ ርብና ወደ ጉማራ ይነዳዋል፤ እነዚህም ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የቀረውን አፈር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ለአዝርዕት የሚጠቅመውን ማዕድን አጥቦበት ይኮመጥጣል። በኮምጣጣ አፈር ላይ ገብስና ባቄላ ይቀጭጫሉ፤ ማዳበሪያም ቢጨመር ብዙ አይረዳቸውም።

የዚህ መድኀኒቱ ኖራ ነው፤ ይኸውም ከተፈጨ ድንጋይ የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል፤ ያንን ሁሉ በአህያ ጭኖ ዳገት ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ምክንያቱን ያልነገሩት ገበሬ ኖራውን እንደ ማዳበሪያ ይቆጥረዋል። በዘር ጊዜ በእፍኝ ይበትነዋል፤ ለውጥም ባያይበት «ዱቄቱ ከንቱ ነው» ብሎ ይተወዋል። ያልተነገረውን ሰው አላዋቂ ብሎ መንቀፍ ቅን ፍርድ አይደለም። ኖራ አስቀድሞ፥ ዘር ሳይዘራ፥ በማረሻ ከአፈሩ ጋራ መዋሐድ አለበት።

አፈሩ መኮምጠጡ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ከማሳው ልዩ ልዩ ስፍራ ጥቂት ጥቂት አፈር ይወሰድና ተደባልቆ ወደ መመርመሪያ ቤት ይላካል። ውጤቱም በቁጥር ተጽፎ ይመለሳል። ቁጥሩ 7 ቢሆን አፈሩ መካከለኛ ነው፤ ከ5.5 ቢያንስ ግን ኖራ ይሻል።