የሕፃኑ እርጎና የጾሙ ድስት

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለች ጎረቤቴን ልጠይቅ ገብቼ የስምንት ወር ልጇን ስታበላ ደረስኩ። ሳህኑ ላይ ያለው በውኃ የቀጠነ ድንች ነው። «እርጎውስ?» አልኳት። «ጾም አይደል እንዴ! ድስቱ አንድ ነው» አለችኝ። የዛሬው ትምህርታችን ከዚሁ መልስ ይነሣል፤ ጾሙና ድስቱ ተጣብቀውበታልና ቀስ ብለን እንለያያቸው።

ጾም የፈቃድ ሥራ ነው። የሚጾም ሰው የሚተወውን አውቆ ይተዋል። ሕፃን ግን የቀረበትን እንጂ የተወውን አያውቅም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ጾም የሚጀምሩት ግን ከ7 ዓመታቸው ወዲህ እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። «ከወዲሁ ቢለምድ ምናለበት?» የምትል እናት አትጠፋም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለእኔና ለአንቺ ሁለት ወር አይሞላም፤ ስምንት ወር ለኖረ ሰው ግን የዕድሜው ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወደ ድስቱ እንምጣ። ጾም የሚሻረው በተበላው ነው እንጂ በታጠበው ዕቃ አይደለም። ልብሽ እንቢ ካለ አልከራከርሽም፤ አንዲት ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይተሽ አስቀምጪለት። ምግቡን በአፍሽ አትቅመሺ፤ ሙቀቱን የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ለኪው። ለጾምሽም ለልጁም ጤና ይኸው ይሻላል።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ እርጎ መቅመስ ይችላል። የላም ወተት በጡት ፈንታ ማጠጣት ግን 1 ዓመት ሳይሞላው አይሆንም። ወተት ብረት የለውም ማለት ይቀላል፤ እሱን ብቻ እየጠጣ የጠገበ ልጅ ደም ያንሰዋል። እርጎም ቢሆን በማንኪያ የሚጨመር ነው፤ ምስር፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ጉበት ከጎኑ ይኑሩ።

በወይራ ከታጠነ ቅል የወጣ እርጎ እኔም እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ለሕፃን ግን አይሆንም፤ የረጋው ከጥሬ ወተት ነዋ። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ወተቱ ስለረጋ ብቻ ተሕዋስያኑ አይሞቱም። ስለዚህ ወተቱን አፍይው። ገንፍሎ ብቅ ሲል ቶሎ አታውርጂው፤ እያማሰልሽ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። (ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወተት ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ለእነዚህ ተሕዋስያን ግን እሱም ይበቃቸዋል።) ለብ ሲል፣ ስኳር ካልገባበት የፋብሪካ እርጎ ሁለት ማንኪያ ለአንድ ሊትር ጨምሪ፤ ክዳኑን ገጥመሽ በጋቢ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጠዋት ረግቶ ታገኚዋለሽ፤ ከዚያ ፍሪጅ ይግባ።

ስኳር አትጨምሪበት። ማርማ 1 ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ያመጣል። መኮምጠጡን ማለዘብ ከፈለግሽ አቮካዶ በሲዳማ ሞልቷል፤ አድቅቀሽ ቀላቅዪለት።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አድርጊው፤ ማታ ከሆነ እርጎው ባይስማማው ተኝተሽ ምልክቱ ያመልጥሻል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሦስት ቀን ሌላ አዲስ ምግብ ሳታስከትዪ ተመልከቺው። ሽፍታ ከወጣበት ወይም ካስመለሰው አቁመሽ ጤና ጣቢያ አሳዪው። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ደቂቃ አትቆዪ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጪ።

የጎረቤቴ ልጅ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትከሻው ድረስ ተንዘፈዘፈ። እናቱ «ጠላው» ብላ ሳህኑን ልታነሣ ስትል አፉን ከፍቶ ጠበቃት።