የሲክል ሴል ታማሚ ደጋ ሲመጣ

ጉዳዩ እኛን ለምን ያገባናል?

ከጣራ ገዳም ወደ አዲስ ዘመን፣ ከዚያም ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ ሰው ወባን ያውቃታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ በወጣን ቁጥር ግን ብርዱ ትንኟን ይመልሳታል። ሲክል ሴል የወባን አገር እየተከተለ የኖረ የደም በሽታ በመሆኑ የደጋው ሰው እምብዛም አያውቀውም። ይሁን እንጂ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በምደባ ከመላ አገሪቱ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ጭምር ተማሪ ይቀበላል። በሽታው ያለበት ልጅ ከመጣ ሕመሙን ዓይቶ ከማያውቅ ሰው መካከል ነው የሚያርፈው። ይህ ማብራሪያ ለዶርም ጓደኛው፣ ለፕሮክተሩ፣ ለመምህሩና ቤት ላከራየው ሰው ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይባላል። የሲክል ሴል ታማሚ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲያራግፍ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይደድራል፤ ክቡ ሴልም እንደ ማጭድ ይቆለመማል። እንዲህ ያለው ሴል በቀጭን የደም ሥር ማለፍ ስለሚያቅተው መንገዱን ይዘጋል። ደም ያልደረሰው አጥንት፣ ደረት ወይም ሆድ በድንገት በብርቱ ይታመማል። ጤነኛ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ሲኖር ይህኛው ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ስለሚቆይ ታማሚው ደም ማነስ አይለየውም፤ ዓይኑም ቢጫ ሊሆን ይችላል።

በሽታው የሚወረስ እንጂ የሚጋባ አይደለም። አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያስይዝም። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሲሆን ከከባድ ወባም የተሻለ መከላከያ አለው። ይህ ጥቅሙ ነው ዘረመሉን በወባማ ቆላ ያቆየው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታውን ይዞ የመወለድ ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ደጋው የሚከብደው ለምንድን ነው?

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። ከፍታው ኦክስጅንን ያሳሳል፣ ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል፣ የውኃ ጥማት ደግሞ ደምን ያወፍራል። ሦስቱም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ድካምና ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ተሸካሚ የሆነ ጤነኛ ሰው እንኳ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን ሲወጣ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ብርቱ ሕመም ከተሰማው ጣፊያው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወርዶ መታየት አለበት።

ያላወቁትን በሽታ በሚያውቁት ስም መጥራት

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ሲረግፉ፣ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በኋላ ግን ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከመተማና ከሁመራ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፣ ሲክል ሴል ግን ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ የስህተቱ ዓይነት ግን አንድ ነው። የሲክል ሴል ታማሚ ሲያቃስት «ብርድ መቶት ነው»፣ «ፈተና ፈርቶ ነው»፣ ሲብስም «መርፌ ለምዶ ነው» ይባላል። ቁስልም ሆነ ስብራት ስለማይታይ ሕመሙን የሚናገርለት የታማሚው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋፍ ማመን ነው።

አጠገቡ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ አስታውሱት፤ ብርድ ልብስ ደርቡለት፤ የሚያመውን ቦታ በሞቀ ጨርቅ ያዙለት። በረዶ አታስነኩት። ያበጠ መገጣጠሚያውን ወጌሻ እንዳያሸው። ጠበል መጠጣት ከፈለገ ይጠጣ፤ በማለዳ ብርድ መጠመቁ ግን ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ለካህኑ አስቀድሞ ይነገር። ውኃ ሳይጠጡ ውሎ መጾምም በክርስትናም ሆነ በእስልምና ከሃይማኖት አባትና ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። በክረምት ወይም ለእረፍት ወደ ቆላ ሲወርድ አጎበር አይለየው፤ ታማሚውን እንደ ተሸካሚው ሰው ከወባ የሚጠብቀው ነገር የለም።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መንተባተብ፣ ድንገተኛ የፊት መገርጣት፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ከአራት ሰዓት በላይ የሚቆይ የብልት መቆም ካለ በሌሊትም ቢሆን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰድ። ለጤና ባለሙያው «ሲክል ሴል አለበት» ብሎ መንገር መጀመሪያ ነው፤ የምርመራ ወረቀቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ብትይዙ ደግሞ ሥራ ይቀላል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒት የሕመሙን ድግግሞሽ ስለሚቀንስ፣ ስለ እሱም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከአንድ ጓደኛ ወደ ማኅበር

ጋናዊው ሐኪም ክዋኩ ኦሄኔ ፍሬምፖንግ ልጁ ከዚህ በሽታ ጋር ተወልዶበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ በጋናዋ ኩማሲ ሕፃናት እንደተወለዱ የሚመረመሩበትን ሥራ በማስጀመር፣ የቤተሰብ ጭንቀት የአገር ጉዳይ እንዲሆን አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2001 ዓ.ም. ሰኔ 12ን የሲክል ሴል ቀን አድርጎ ሰይሟል።

በእኛ ዘንድ ሥራው በሦስት መንገድ ይጀመራል። አንደኛ፣ የግቢው ክሊኒክ በመጀመሪያው የምዝገባ ሳምንት «ሲክል ሴል አለብህ ወይ?» ብሎ በምስጢር ይጠይቅ፤ ያለበትን ተማሪ በሕመም ፈተና ቢያመልጠው ሜክአፕ (ምትክ ፈተና) ለማግኘት በየጊዜው እንዳይለምን አስቀድሞ ይመዝግበው። ሁለተኛ፣ የተማሪ ክበቦች ደም ለግሱ ሲሉ ይህንንም ታማሚ ያስቡ፤ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቆላ መምህራን የ12ኛ ክፍል ታማሚዎቻቸው ከምደባ በፊት የሕክምና ማስረጃ እንዲያቀርቡ ያግዟቸው። ታማሚው ይህም ሆኖ ደጋ ከተመደበ ግን ብርድ ልብሱና ውኃው፣ ሌሊት የሚደወልለት የባጃጅ ቁጥርም ከሕመሙ በፊት ይዘጋጁ።