የእግዚአብሔርን ፈቃድ ስለ መለየት

በመንታ መንገድ ላይ ለቆመ ክርስቲያን የተጻፈ ትምህርት

ክርስቲያን ሁሉ በዕለት ጸሎቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲሆን ይለምናል። ነገር ግን ይህ ጸሎት ከአፍ ወጥቶ ወደ እጅ ሥራ በሚደርስበት ጊዜ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በሁለት ነገር መካከል ቆሞ «ጌታ እንዳደርገው የሚወደው የትኛውን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ሲዘገይበት አንዱ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል፤ ሌላው ደግሞ የልቡን ምኞት የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ ይነሣል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። እንግዲህ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተማርነውን በቅንነት እንመርምር።

ይህ ጥያቄ በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ ለሚኖር ሰው የቃል ክርክር አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ የሚጥለው ጋናም፥ ከመስከረም በኋላ የሚጥለው ሀገያም እንደሚገባው አልዘነበም። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ በከብቱ ይኖር የነበረውም ሰው እጁን ለእርዳታ ዘረጋ። በእንደዚህ ያለ ዘመን የአንድ ቀን ውሳኔ የአንድ ቤት ሕይወት ነው።

እስቲ እንዲህ ያለ ሰው በዐሳባችን እናቁም። ዐሥራ ሁለት ከብት አለው። ሀገያ ቀርቷል፤ ጋና ይምጣ አይምጣ አያውቅም። ዛሬ ወደ ነገሌ ገበያ ነድቶ ቢሸጥ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ቢያቆያቸው ግን ከስተው የሚገዛቸው ያጣ ይሆናል። ከከብቶቹም መካከል አንዲቱ ጊደር የእርሱ አይደለችም፤ ባሏ የሞተባት የወንድሙ ሚስት በአደራ የሰጠችው ናት። የዐሥራ አራት ዓመት ሴት ልጁ በከተማው ትምህርት ቤት ትማራለች፤ አንድ ባለጠጋም ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮባታል። ቢድራት ቤቱ አንድ አፍ ይቀልለታል፥ ገንዘብም ያገኛል። ይህ ሰው ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፥ ፈቃድህን ግለጥልኝ» ቢል በምን ይመለስለታል?

አንደኛ። የተገለጠውን ፈቃድ አስቀድሞ ስለ መፈጸም

ሙሴ የተሰወረውን ለእግዚአብሔር እንድንተው፥ የተገለጠውን ግን ይዘን እንድንፈጽም አስተምሯል (ዘዳ. 29፥29)። ብዙ ሰው ይህን ሥርዐት ይገለብጠዋል፤ የተገለጠውን ሳይፈጽም የተሰወረውን ይመረምራል።

ያ ሰው ከጠየቃቸው ነገሮች የሚበዙት አስቀድሞ የተመለሱ ናቸው። የመበለቲቱ ጊደር የአደራ ናት፤ ሸጦ ለራሱ ያደርጋት ዘንድ ይገባው እንደ ሆነ መጸለይ አያስፈልገውም፤ ስለ እርስዋ የሚወሰነውን ነገር ከባለቤቲቱ ጋር መምከር ብቻ ይገባዋል። የታመመች ላም ቢሸጥ ሕመሟን ለገዢው መንገር ይገባዋል፤ ሌላው እንዲያደርግልን የምንወደውን ለሌላው እንድናደርግ ታዝዘናልና (ማቴ. 7፥12)። ሴት ልጁም የእግዚአብሔር አደራ ናት እንጂ በክፉ ቀን የምትመነዘር ገንዘብ አይደለችም፤ የአገሩም ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ አልተሰወረም፤ የጐደለው መታዘዝ ነው።

በዚሁ በነገሌ የሆነውን አስብ። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በከተማው በሰፈረው ጦር ውስጥ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጕድጓድ ነበራቸው፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ከእርሱ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ምግቡም የከፋ ነበር። ወታደሮቹ ተነሥተው አለቆቻቸውን ያዙ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላከውንም ጄኔራል ከዚያው ምግብና ከዚያው ውኃ አቀመሱት። ይህ ነገር በዚያ ዓመት አገሩን ካናወጡት የጦር ዐመፆች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፤ በመስከረም ወር 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደቀ። ስለ ዐመፁ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የተጠማ ሰው ይጠጣ ወይስ አይጠጣ ብሎ ለመወሰን ሕልምም ራእይም አያስፈልግም ነበር። የሚታወቀው ትንሽ ትእዛዝ ሲናቅ ማንም ያላሰበው ትልቅ ነገር ይከተላል።

ሁለተኛ። መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ሞራ ስላለመግለጥ

በአገራችን የታረደውን ከብት ሞራ አይቶ ስለሚመጣው የሚናገር ሰው ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ጠጠር የሚጥልም፥ ኮከብ የሚቈጥርም አለ። ክርስቲያኑ «እኔ ይህን ትቻለሁ» ይላል። ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፍ ቅዱስን ይከፍታል፤ ጣቱ ያረፈበትንም ቃል ለከብቱ ሽያጭ ትእዛዝ ያደርገዋል። ወይም «ዛሬ ከቀትር በፊት ነጋዴ ወደ ደጄ ቢመጣ ምልክት ይሁነኝ» ይላል። ይህ ሰው ሞራ ገላጩን ከቤቱ አስወጥቷል፥ ወንበሩን ግን አላስወጣም።

አንዳንዶች ጌዴዎንን ምስክር ያደርጋሉ። ነገር ግን ጌዴዎን የበግ ጠጕሩን በዐውድማ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት ትእዛዙን በግልጥ ተቀብሎ ነበር (መሳ. 6፥14፤ 36–40)። ምልክቱን የፈለገው ስለ ፈራ ነው፤ እግዚአብሔርም ድካሙን ታገሠው። ትዕግሥቱን ግን ለእኛ ሥርዐት አናድርገው። የእግዚአብሔር ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊነበብ፥ ሊታሰብና ሊኖሩበት የተሰጠ ነው፤ ዕጣ ሊጣልበት አልተሰጠም። በሰላሙ ቀን ያላነበበው ሰው በጭንቁ ቀን በአንድ ቍጥር መንገዱን አገኛለሁ ቢል ያልዘራውን ሊያጭድ ይፈልጋል።

ሦስተኛ። በልቡና ስለ ማስተዋል

ሐዋርያው ጳውሎስ ልባችን ታድሶ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ፈትነን እንድናውቅ ይመክረናል (ሮሜ 12፥2)። ያዕቆብም ጥበብ የጐደለው እንዲለምን ይነግረናል (ያዕ. 1፥5)። ጥበብን የሚለምን ሰው እንግዲህ የተሰጠውን ልቡና ሊሠራበት ይገባዋል። ዮሴፍ የራቡን ዘመን ከእግዚአብሔር ተረዳ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጐተራ አሠራ፥ ከእህሉ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ መከረ (ዘፍ. 41)። ቈጠራውና ስፍሩ ከእምነቱ አልተለየም።

ያ የከብት ባለቤትም እንዲሁ ያድርግ። ድርቅ ሲበረታ የከብት ዋጋ ይወርዳል፥ የእህል ዋጋም ይወጣል፤ ስለዚህ ዛሬ አንዲት ላም የምትገዛውን በቆሎ ከሁለት ወር በኋላ አትገዛም። እንግዲህ ከብቱን በየወገኑ ይለይ፤ የምትታለበዋን፥ ያረገዘችዋን፥ መሲናዋን፥ ያረጀውን በሬ። በከሎ፥ ማለት ለጥጆች በታጠረው የሣር ቦታ፥ ምን ያህል ሣር እንደ ቀረ ይመልከት። የቦረና አባቶች የሚታለበውን ከብት በዋራ፥ ማለት በመንደሩ አጠገብ አስቀርተው፥ የቀረውን በፎራ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሰዱበት ጥበብ በብዙ ዘመን መከራ የተገኘ ነው፤ አይናቀው። በሬዲዮ የሚነገረውንም የዝናብ ትንበያ ይስማ። ሰማይን የሠራው እግዚአብሔር የሰማይን ሁኔታ የሚመረምር አእምሮም ሰጥቷልና ይህን መስማት እምነት ማጣት አይደለም።

ይህን ሁሉ መርምሮ «መሲናዋንና ያረጀውን በሬ ዛሬ ልሽጥ፥ የሚታለቡትንም ላቆይ» ቢል፥ ከሰማይ ድምፅ ባይሰማም በእግዚአብሔር ፊት በቅንነት ሄዷል። አሳብን በጸሎት ፊት ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

አራተኛ። ስለ ምክር

ቱላ የሚባሉትን የቦረና ጕድጓዶች ያየ ሰው ይህን ትምህርት በዓይኑ ያነብበዋል። አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ውኃውን ማንም ብቻውን አያወጣውም፤ ሰዎች እንደ መሰላል ከታች እስከ ላይ ቆመው እየዘፈኑ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ከብቱም በገዛ ፈቃዱ አይጠጣም፤ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። የምሳሌም መጽሐፍ የሰውን ልብ አሳብ ከጥልቅ ውኃ ጋር ያስተያየዋል፥ አስተዋይም ሰው እንደሚቀዳው ይናገራል (ምሳ. 20፥5)። ጥልቅ ከሆነ እንግዲህ የብዙ ሰው እጅ ያስፈልገዋል። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላልና።

ከማን ጋር እንምከር? መጀመሪያ ከሚስትህ ጋር፤ ወተቱ ስንት ቀን እንደሚበቃና የትኛው ልጅ ተርቦ እንደሚተኛ ካንተ ይልቅ እርስዋ ታውቃለችና። አንቺም እኅቴ፥ የቤትሽን ችግር ከባልሽ አትሰውሪ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር። ከዚያም ከብት ከሚያውቅ ሰው ጋር፥ የእምነት ወገንህ ባይሆንም፤ ሙሴ የምድያማዊውን የዮቶርን ምክር ሰምቶ ተጠቅሟል (ዘጸ. 18)። ይልቁንም ውሳኔው የሚጐዳውን ሰው ጠይቅ። መበለቲቱን ሳትጠይቅ ስለ ጊደሯ፥ ልጅህን ሳትሰማ ስለ ሕይወትዋ አትቍረጥ።

በጉባኤ መካከል ተነሥቶ «እግዚአብሔር ነግሮኛል» የሚል ሰው ከዚህ ቃል ይጠንቀቅ። ይህን በተናገረ ጊዜ የመካሪውን ሁሉ አፍ ይዘጋልና። እግዚአብሔር ያልተናገረውን በስሙ መናገር ነቢዩ ኤርምያስ አጥብቆ የገሠጸው ኀጢአት ነው (ኤር. 23)። «እንዲህ ዐስቤአለሁ፥ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ማለት ትሕትና ያለበት፥ ለእውነትም የቀረበ ንግግር ነው።

አምስተኛ። መንገድ ሲዘጋ

ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር የተወለደ ኦሮሞ ነበረ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ፥ በስዊድን ሚስዮንም ዘንድ ተማረ። ምኞቱ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌልን መስበክ ነበረ። በሱዳን በኩል ሞከረ፥ ተመለሰ። በሸዋ በኩል ሞከረ፥ ማለፍ ተከለከለ። ምኞቱ መልካም ነበረ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ።

በዚያን ጊዜ ምን አደረገ? በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጦ በፊቱ የነበረውን ሥራ ያዘ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖም በቋንቋው ዕውቀትዋ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ገባ፤ ባዶ እጁንም አልገባም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የተዘጋ መንገድ ወዲያው ትርጕሙ አይታወቅም፤ ኦኔሲሞስ አንድ ጊዜ ቢመለስ ሁለተኛ ሞክሯል። ደግሞም ሩቁ ሲከለከል ቅርቡን መሥራት ይገባል። ጳውሎስም ወደ እስያና ወደ ቢታንያ መሄድ በተከለከለ ጊዜ ጕዞውን አልተወም፤ ወደ መቄዶንያ እስኪጠራ ድረስ ሄደ (ሐዋ. 16፥6–10)።

ስድስተኛ። ከተወሰነ በኋላ

እንግዲህ ሰውየው ጸለየ፥ መረመረ፥ መከረ፥ አራት ከብትም ሸጠ እንበል። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ። ጎረቤቱም ሳቀበት። ወይም ደግሞ አልሸጠም፤ ጋና ቀረና ከብቱ በበረቱ ደጅ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ጠላት ወደ ጆሮው ቀርቦ «ፈቃዱን ስለ ሳትህ ነው» ይለዋል።

ወንድሜ ሆይ፥ ይህን አትመን። እግዚአብሔር የጠየቀህ ታማኝነትን ነው፤ ነገን የማወቅ ሥልጣን አልሰጠህም። ያዕቆብ የነገውን የማናውቅ ስለ ሆንን ጌታ ቢፈቅድ እያልን እንድንናገር ያስተምረናል (ያዕ. 4፥13–15)። በቅንነት የወሰነ ሰው ከብቱ ቢሞትበት ኪሳራ አገኘው እንጂ ኀጢአት አልሠራም። መበለቲቱን አታልሎ የሸጠ ሰው ግን ገንዘቡ ቢበዛለት እንኳ ከፈቃዱ ወጥቷል። ስለዚህ የውሳኔ መልካምነት በትርፉ አይመዘንም።

ለቤተ ክርስቲያንም ቃል አለን። ከብቱ ያለቀበትን ወንድም እንደ ኢዮብ ወዳጆች በነገር አትውጉት። ቦረና ከብቱ ላለቀበት ወገኑ ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዐት ከብት አዋጥቶ ያቋቁመዋል። የክርስቶስን ስም የተሸከመ ጉባኤ ከዚህ ቢያንስ ያፍራል። አንድ ሰው ሲወስን ብቻውን እንዳይቀር፥ ሲወድቅም ብቻውን እንዳይቀር ያስፈልጋል።

ራስህን መርምር

፩. አሁን ከምትጠይቀው ነገር ውስጥ እግዚአብሔር አስቀድሞ በቃሉ የመለሰልህ የትኛው ነው? ፈጽመኸዋልን?

፪. የፈለግኸው ምክር ነውን፥ ወይስ የወሰንኸውን የሚያጸድቅልህ ምልክት?

፫. ውሳኔህ የሚጐዳውን ሰው ጠይቀሃልን?

፬. መንገድ ቢዘጋብህ በቅርብህ ያለው ሥራ ምንድር ነው?

ጸሎት

አባት ሆይ፥ የገለጥህልንን እንድንፈጽም ጕልበት ስጠን፤ የሰወርኸውን እንድንተውልህ ትሕትና ስጠን። በምንቈጥርበትና በምንመክርበት ጊዜ ልባችንን ከስስት ጠብቅ። በዝናብም በድርቅም አደራህን ጠባቂዎች አድርገን፤ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።