ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት ጥርስ ቁጠሩ

ትንሽ ሮቦት ለመሥራት የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ሞተሩ ባዶውን በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ክንዱ ሲገጠምለት ግን ቀጥ ይላል። ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስበው ደግሞ ሸክም ይዞት ሲቆም ስለሆነ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም።

ብስክሌትን እንውሰድ። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ማርሽ 48 ጥርስ፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ 48 ÷ 16 = 3 ጊዜ ይዞራል። ለሜዳ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ የኋላውን ወደ 32 ጥርስ ብንቀይረው ጎማው 1.5 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በዚያው የእግር ግፊት ግን ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። በነፃ የተገኘ ነገር የለም፤ ዙር ሰጥተን ጉልበት ተቀበልን።

ሞተርም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ሞተር፣ 100 ለ 1 በሚቀንስ ማርሽ ሲያልፍ 60 ዙር ይሆናል። የማዞር ጉልበቱ 100 እጥፍ በሆነ ነበር፤ ከዚያ ላይ ግን ሰበቃ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቢሆንም ያ የቆመው ክንድ አሁን ሊነሣ ይችላል፤ የሚነሣው በዝግታ ነው።

ኮድ ለምትጽፉ፦ በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት ማርሾች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ጎን ለጎን ጥርስ ለጥርስ የተናከሱት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። እዚህ ላይ የመቀነስ ምልክት (−) ከረሳችሁ፣ ሮቦቱን ወደፊት ስትሉት ወደኋላ ይሄዳል።