አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው?



ሕመምተኛ ለመጠየቅ ወደ አንድ ቤት ስንገባ በቅድሚያ የምናነጋግረው የተኛውን ሰው ነው። «እንዴት አደሩ? ተሻለዎት?» እንላለን፤ ምሕረቱን እንዲያወርድ ጸልየን፣ ቡና ጠጥተን እንወጣለን። ቡናውን ያፈላችውን፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረችውን፣ አንሶላውን ያጠበችውን ልጅ ወይም ሚስት ግን እስከ ደጅ ስትሸኘን እንኳ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ሳንላት የተመለስንበት ቀን ብዙ ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ይህን ጉድለታችንን እንድናርም ነው።

1. አስታማሚ ማን ነው?

በአገራችን አቅመ ደካማ አረጋውያንን፣ ከአልጋ መነሣት የማይችሉትንና የአእምሮ ሕሙማንን በአብዛኛው የሚንከባከበው ቤተ ሰብ ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲገባም ስንቅ አመላላሹ፣ መድኃኒት ፈልጎ አምጪው፣ ከአልጋው ሥር አዳሪው አስታማሚው ነው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀንና ተተኪ የለም። ሸክሙም አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች ላይ ይወድቃል፤ ከትምህርቷ የቀረች፣ ንግዷን የዘጋች እኅት በየሰፈራችን አለች።

2. የድካሙ ምልክቶች

የረጅም ጊዜ ማስታመም ሰውነትን ብቻ ሳይሆን መንፈስንም ያዝላል። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹም በትልቁም መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ልቅሶና ተስፋ መቁረጥ ምልክቶቹ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ለማንም የማይነገረው ነው። የደከመች አስታማሚ አንዳንድ ሌሊት «ምነው በዐረፉልኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ወዲያው በራሷ ትደነግጣለች፤ ክፉ ሰው የሆነች ይመስላታል። እንዲህ ያለው ሐሳብ የድካም ፍሬ እንጂ የፍቅር መጥፋት ምልክት አይደለም። ስለዚህ የምትነግረን ብትኖር አንገሥጻት፤ በጸጥታ እናዳምጣት። «መስቀልሽ ነውና ቻይው» ብሎ መሄድም አይበቃም። የጌታን መስቀል እንኳ የቀሬናው ስምዖን አግዞ ተሸክሟል።

3. ከመጽሐፍ ቅዱስ የምንማረው

ነቢዩ ኤልያስ በድካም ብዛት ሞቱን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ የወቀሳ ቃል አልተናገረውም። እንጀራና ውሃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በላ፣ ጠጣ፣ ዳግመኛ ተኛ። መንገዱን የቀጠለው ከዚህ በኋላ ነው። ደጉ ሳምራዊም (ሉቃስ 10) ቁስለኛውን አንድ ሌሊት ከተንከባከበ በኋላ 2 ዲናር ከፍሎ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ አደራ ሰጠው፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ቃል ገባ። ሸክሙን ከሌላው ጋር ተካፈለ እንጂ ቁስለኛውን አልተወውም። እንግዲያው እርዳታ መጠየቅ ፍቅርን አያጎድልም።

4. በሐረር ያለን ቅርስ

አቡነ እንድርያስ ያሮሶ ቪካርያታችንን መምራት የጀመሩት በ1900 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የካፑቺን አባቶች በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በመጠለያ ሰብስበው ያስታምሙ ነበር። እነዚህ አባቶች ከባድ ሥራ ቢሠሩም ማኅበር ነበራቸው፤ በገዳማዊ ሥርዓታቸው በአንድነት ይጸልያሉ፣ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ዛሬ በአንዲት ክፍል ውስጥ እናቷን የምታስታምም ልጅ ግን ይህን የመሰለ ማኅበር የላትም።

ማኅበር የመመሥረት ልማድ ግን በከተማችን ሞልቷል። በጀጎል ውስጥ ሐረሪዎች በአፎቻቸው፣ ሌሎቻችንም በዕድራችን፣ ለሠርግና ለኀዘን እንሰበሰባለን። ሰው በሞተ ዕለት ድንኳኑ ይተከላል፣ ምግቡ ይመጣል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ይሁን እንጂ አስታማሚዋ ያን ሁሉ ሰው የፈለገችው ቀብሩ ከመድረሱ በፊት፣ ማንም ባልመጣባቸው ተራ ቀናት ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ለቀብር ብቻ አናድርገው።

5. ምን እናድርግ?

ሀ) በጥየቃ ጊዜ አስታማሚዋን ለብቻዋ እናነጋግር።
ለ) «የምትፈልጊው ካለ ንገሪን» ከማለት ይልቅ ቀንና ሰዓት እንቁረጥ። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ተኚ፣ ወይም ቅዳሴ ሂጂ» እንበል። በሳምንት 2 ሰዓት ትልቅ ዕረፍት ነው።
ሐ) ወንድሞችና ባሎች ገላ በማጠብ፣ ውሃ በመቅዳትና ሌሊት በመጠበቅ ተራ ይግቡ።
መ) የዕድርና የአፎቻ አባላት በሕይወት ላሉ ሕሙማን አስታማሚዎችም ተራ እንዲወጣ ሐሳብ ያቅርቡ።
ሠ) ጭንቀቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ አስታማሚዋን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል እናድርሳት። ራሷን ስለ መጉዳት ከተናገረች ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻዋን ሳንተዋት በዚያው ቀን እንውሰዳት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

- በሰፈራችን ከ1 ዓመት በላይ ሕመምተኛ በማስታመም ላይ ያለ ማን ነው? በመጨረሻ ያነጋገርነው መቼ ነው?
- ሳምራዊው ቁስለኛውን ለሌላ ሰው አደራ መስጠቱ ምን ያስተምረናል?
- ከዛሬው ስብሰባ ሳንወጣ ለየትኛው ቤት ተራ እንገባለን?

ለመጨረሻው ጥያቄ የሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት በወረቀት ሳይጻፍ ጉባኤው እንዳይበተን አደራ እንላለን።