ከእንጦጦ ራስ እስከ ምድር እምብርት፤ አራቱ ባሕርያት በአንድ ተራራ

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲያስተምሩ፣ ሥጋው ከአራቱ ባሕርያት ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተገኘ ያስረዳሉ። አንዱ ከመጠኑ ሲጎድል ወይም ሲበዛ ሥጋ ይታመማል። የምድርም ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ አለቱ፣ ውኃው፣ አየሩ፣ የውስጡ ሙቀትና በላዩ ያለው ሕይወት አንዱ በሌላው ተደግፎ ይኖራል። ይህን ለማየት የእንጦጦ ተራራ ብቻ ይበቃናል።

፩. እሳትና መሬት

ምድር በንብርብር የተሠራች ናት። የላይኛው ጠጣር ቅርፊት በአህጉራት ሥር በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ከእርሱ በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ማንትል የተባለው ክፍል ይገኛል፤ አለቱ ጠጣር ቢሆንም ከሙቀቱ የተነሣ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ያለው በአብዛኛው ከብረት የሆነው እምብርት ነው፤ ውጫዊው ክፍል ፈሳሽ ሲሆን ውስጣዊው ግን ከተጫነው ክብደት የተነሣ ጠጣር ነው። ከገጸ ምድር እስከ መካከሉ 6,371 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ ሙቀት ከእኛ የራቀ አይደለም። እንጦጦ ራሱ ከጥልቅ የወጣ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የሠራው ተራራ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ዕድሜውን ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይገምቱታል። ታላቁ ስምጥ ሸለቆም ዛሬ እየሰፋ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱ ይታወሳል።

፪. ነፋስና ውኃ

በክረምት እርጥበት የተሸከመው ነፋስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚህ ተራራ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። የተራራው ራስ ውኃ ከፋይ ነው። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታና በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል።

የቀረው ውኃ በአለቱ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጥልቅ ያልሄደው በተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጠልቆ የሄደው በምድር ሙቀት ፈልቶ በስንጥቅ ይመለሳል፤ ፍል ውኃ የምንለው ይኸው ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚህ ፍል ውኃ አጠገብ ነው። ከተማዋ ሕልውናዋን ያገኘችው ከተራራው ዝናብና ከምድር ውስጥ እሳት ኅብረት ነው ማለት ይቻላል።

፫. ሕይወትና የሰው እጅ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን የተራራው የሐበሻ ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ይመናመን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት አድኗል፤ ለብዙ እናቶችም የዕለት እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። የተራቆተ አፈር ዝናቡን አያሰርግም፤ ያን ጊዜ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የደረቀ ምንጭ ይሆናል። ጎርፉ የሚያገኘው ግርጌው ላይ በወንዝ ዳር የሚኖረውን ምእመን ነው፤ የምንጩ መድረቅ የሚያሳጣው ደግሞ ጠበልተኛውን ነው።

የምድርን እምብርት ማንም ሊነካው አይችልም፤ የላይኛው አንድ ክንድ አፈር ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን በዕቅዳቸው ቢያካትቱ መልካም ነው።

• ከምንጭና ከጠበል በላይ ባለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ አለመትከል፤ ያለውንም በአንድ ጊዜ ሳይመነጥሩ ቀስ በቀስ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ መተካት።
• በተዳፋቱ ላይ እርከንና ውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ መሥራት።
• መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ መጣያ ከምንጩ በላይ እንዳይሠራ መከልከል።
• አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የመሐንዲስ ጥናት መጠየቅ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቅጥር ግቢያችን የሚወርደው ዝናብ ወዴት ይሄዳል? በመንገዱስ ማንን ያገኛል?
2. የምንጫችን ውኃ ከአባቶቻችን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? አረጋውያኑን ጠይቀን በመዝገብ እናስፍር።
3. ከመጪው ክረምት በፊት ልንጀምረው የምንችለው አንድ ሥራ የትኛው ነው? ኃላፊነቱንስ ማን ይወስዳል?