የተቀዳውን ትምህርት ሳናጠፋ እንዴት እናስተካክል?



እንደሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፈውን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ተማሪው «ፕላዝማ» የሚለውን ማለታችን ነው፣ መከታተል ሲጀምሩ መምህሩ ሥርጭቱን ላቁም ወይም ወደ ኋላ ልመልስ ቢል አይሆንለትም ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እጩ መምህሩ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በባቱ ለማስተማር ልምምድ ሲወጣ ጓደኛው ከክፍሉ ጀርባ ቆሞ በስልክ ይቀዳዋል። ከዚያም ተሰብስበን፣ እያቆምንና እየመለስን፣ አስተማመሩን እንወያይበታለን።

ታዲያ ፍላሹ ሲመጣ ችግሩም አብሮ ይመጣል። አንዱ ቪዲዮ አልከፈትም ይላል፤ ሌላው ዲስኩን ሞልቶ ቁጭ ይላል፤ በሦስተኛው ደግሞ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። የዛሬው ትምህርታችን እነዚህን ችግሮች በትእዛዝ መስመር መፍታት ነው። መሣሪያችን ኤፍኤፍኤምፔግ ይባላል። ይህ ፕሮግራም ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ሲሆን በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ትእዛዙ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚተየበው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበበው ጽፈነዋል።

1ኛ. አስቀድሞ መመርመር

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እኛም መጀመሪያ ‹ኤፍኤፍፕሮብ› ብለን የፋይሉን ስም እናስከትላለን። የቪዲዮውን ርዝመት፣ የምስሉን ስፋትና ቁመት፣ ምስሉና ድምፁ የታመቁበትን ዘዴ ይነግረናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። የመቂን ቲማቲም እናስብ። ቲማቲሙ ሌላ፣ የተጫነበት ሳጥን ሌላ። ኤምፒ4፣ ሞቭና ኤምኬቪ የምንላቸው ሳጥኖች ናቸው፤ ኤች264 እና ኤች265 ግን በውስጡ ያለው ምስል የታመቀባቸው ዘዴዎች ናቸው። ችግሩ የሳጥኑ ብቻ ከሆነ ማዛወር ይበቃል፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ጥሬ.ሞቭ -ሲ ኮፒ አዲስ.ኤምፒ4

‹ኮፒ› ማለት «ይዘቱን ሳትነካ አዛውር» ነው። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ጥራቱም ቅንጣት አይቀንስም። ነገር ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ኤች265ን የማያውቅ ከሆነ በኤች264 እንደገና ማመቅ ግድ ይላል። ይህ ደግሞ ቲማቲሙን ድልህ እንደ ማድረግ ነው። ድልህ ተመልሶ ቲማቲም አይሆንም። ስለሆነም ሳያስፈልግ አናምቅ።

2ኛ. መጠኑን መቀነስ

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስልኩ በሴኮንድ 17 ሜጋቢት የሚቀዳ ከሆነ የ10 ደቂቃ ትምህርት 17 × 600 ÷ 8 = 1,275 ሜጋባይት ይወስዳል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን ግን 75 ሜጋባይት ብቻ ነው። መጠኑን ለመቀነስ የሚከተለውን እንጠቀማለን፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ጥሬ.ኤምፒ4 -ቪኤፍ ስኬል=-2:720 -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ሲአርኤፍ 28 -ሲ:ኤ ኮፒ ትንሽ.ኤምፒ4

‹720› የምስሉ ቁመት ነው። ‹-2› ደግሞ «ስፋቱን ራስህ አስላው፤ ብቻ ተጋማሽ ቁጥር ይሁን» ማለት ነው። ‹ሲአርኤፍ› ካልነካነው 23 ነው፤ በ6 ሲጨምር የፋይሉ መጠን በግምት በግማሽ ይወርዳል፤ ጥራቱም አብሮ ይቀንሳል። መለኪያችን ሰሌዳው ይሁን። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ከተነበበ 28 ይበቃል፤ ካልተነበበ ቁጥሩን ዝቅ አድርገን ከጥሬው እንደገና እንጀምራለን።

3ኛ. ድምፁን ማጉላት

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ጥሬ.ኤምፒ4 -ሲ:ቪ ኮፒ -ኤኤፍ ላውድኖርም -ኤአር 48000 ጎላ.ኤምፒ4

እዚህ ምስሉ አይነካም፤ የሚስተካከለው ድምፁ ብቻ ነው። ሆኖም የመምህሩ ድምፅ ሲጎላ የክፍሉም ጫጫታ አብሮ ይጎላል። በመምህሩ ኪስ ሁለተኛ ስልክ አስቀምጦ ድምፁን ለብቻ መቅዳት ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ ይሻላል።

4ኛ. ብዙ ፋይሎችን በስክሪፕት

ሠላሳ ቪዲዮ አንድ በአንድ ማን ይጨርሰዋል? ‹የተስተካከለ› የሚባል ማኅደር ከፍተን ይህን እንጽፋለን፦

ፎር ኤፍ ኢን *.ኤምፒ4; ዱ
ኤፍኤፍኤምፔግ -ኤን -አይ "$ኤፍ" -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ሲአርኤፍ 28 "የተስተካከለ/$ኤፍ"
ደን

ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። ትእምርተ ጥቅሱ በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ያለበትን ፋይል ከመሰናከል ያድነዋል። ‹-ኤን› በቦታው ቀድሞ ያለ ፋይል እንዳይደመሰስ ይከለክላል። አዲሱም ፋይል የሚገባው ወደ ሌላ ማኅደር ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ደርሶብን ነው። አንድ ጊዜ ቦታ እንቆጥባለን ብለን፣ ከማመቂያው መስመር ቀጥሎ ጥሬውን የሚሰርዝ መስመር ጨመርን። መሐል ላይ ዲስኩ ሞላ። ማመቁ በአንዱ ፋይል ላይ ከሸፈ፤ ቀጣዩ መስመር ግን የታዘዘውን አክብሮ ጥሬውን ሰረዘ። የቀረልን ግማሽ ፋይል ነበር፤ እሱም አይከፈትም። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ሥራው ሲያበቃ በመሆኑ፣ ሳያልቅ የተቋረጠ ፋይል ይዘት ቢኖረውም ማውጫ የለውም። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይ ስትደምር ትሳሳታለች፤ እጩ መምህሩ አያርማትም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃታል፤ በመጨረሻ ራሷ ታርመዋለች። ለጓደኞቹ ልናሳይለት ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ልጅቷን ነይና እንደገና ተሳሳቺ አይባል ነገር! ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የእኛው ነው።

መሰረዝ የግድ ከሆነ በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ‹&&› ይግባ። ትርጉሙ «የፊተኛው ከተሳካ ብቻ ቀጥል» ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስክሪፕት እንዲሰርዝ አለመፍቀድ ነው። የሁለቱን ርዝመት በ‹ኤፍኤፍፕሮብ› አስተያይተን፣ አዲሱን ከፍተን አይተን፣ የጥሬውን ቅጂ በሌላ ዲስክ ካስቀመጥን በኋላ በእጃችን እንሰርዛለን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኛ ግን የሚለቀምም አልተረፈ።

መልመጃ

ሀ. በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የተቀዳ የ15 ደቂቃ ትምህርት ስንት ሜጋባይት ይሆናል?
ለ. የልምምድ ቪዲዮአችሁን በ‹ኤፍኤፍፕሮብ› መርምራችሁ ሳጥኑንና የታመቀበትን ዘዴ ለይታችሁ ጻፉ።
ሐ. ከላይ ያለው ስክሪፕት ድምፁን ሳይነካ እንዲያልፍ ምን ይጨመርበታል?